የካንሰር ማከሚያው አክሰለሬተር ለምን ይቆማል? እንዳይቆምስ ምን ይደረጋል?

ከሳይንስ ክበብ አባላት

የጨረር ሕክምና የታዘዘለት ሰው አንድ ቀን ታክሞ የሚመለስ አይደለም። ለብዙ የካንሰር ዓይነቶች ጨረሩ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ለአምስት፣ ለስድስት ወይም ለሰባት ሳምንታት ይሰጣል። እያንዳንዱ ቀጠሮ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ነገር ግን በመሃል ማሽኑ ተበላሽቶ ሕክምናው ሲቋረጥ ጉዳቱ ከመመላለስ ድካም ያልፋል፤ ከጨረሩ የተረፉት የካንሰር ሴሎች በዚያ ክፍተት እንደገና ይራባሉ። በማህፀን በር ካንሰር ለምሳሌ ሐኪሞች ሙሉው ሕክምና በ8 ሳምንት ውስጥ እንዲያልቅ ይጥራሉ። ከዚያ በላይ የሚዘገይ እያንዳንዱ ቀን በሽታውን የመቆጣጠር ዕድልን ከግማሽ እስከ 1 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል።

ስለዚህ በዘንድሮው ዓመታዊ መጽሔት የሳይንስ ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል፦ ይህን ሕክምና የሚሰጠው ማሽን፣ ማለትም ሊኒየር አክሰለሬተር፣ ለምን ይበላሻል? ክፍሎቹስ አስተማማኝ እንዲሆኑ ምን ይደረጋል? መልሱን ለመረዳት ፊዚክስም ሂሳብም ያስፈልገናል፤ ሁለቱም ግን በክፍል ከምንማረው ብዙም የራቁ አይደሉም።

ጉዳዩ ለሁለቱም አገሮቻችን ቅርብ ነው

በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲሆን፣ ያገለግል የነበረውም የኮባልት 60 ማሽን ነው። ያ ማዕከል ከሃያ ዓመት በላይ ለመላው አገሪቱ ብቸኛው ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ ጥቁር አንበሳም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም በሊኒየር አክሰለሬተር ያክማሉ። በኬንያም የኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን ብቸኛው የመንግሥት የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። አሁን ግን ከሰፈራችን ከሩንዳ በኖርዘርን ባይፓስ ወደ ካሃዋ ዌስት ስንሄድ የምናገኘው የኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታልም፣ በከተማው ያሉ የግል ሆስፒታሎችም ማሽኑ አላቸው።

የቀድሞው የኮባልት ማሽን ቀላል ነበር። ጨረሩ የሚወጣው ከራሱ ከኮባልቱ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ምንጩ አይጠፋም። ጉድለቱ ግን ኮባልቱ እየደከመ መሄዱ ነው፤ በየ5.27 ዓመቱ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ ለአንድ ሕመምተኛ የሚያስፈልገው ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። ያገለገለውን ኮባልትም አስወግዶ በጥንቃቄ ማስቀመጥ ግድ ነው። ሊኒየር አክሰለሬተር በአንጻሩ ሲያጠፉት ጨረሩም ይጠፋል፤ ጨረሩ ጠለቅ ብሎ ይገባል፣ ጠርዙም የጠራ ነው። ለዚህ ሁሉ የምንከፍለው ዋጋ ውስብስብነት ነው። አንድ የጨረር ምንጭ ብቻ የነበረበት ቦታ በሺህ የሚቆጠሩ ክፍሎች መጥተዋል፤ እያንዳንዳቸውም ሊበላሹ ይችላሉ።

ማሽኑ እንዴት ይሠራል?

ሥራው ከኤሌክትሮን ጠመንጃ ይጀምራል። እንደ ድሮው ቴሌቪዥን የምስል ቱቦ ሁሉ፣ የጋለ ብረት ኤሌክትሮኖችን ይተፋል። ኤሌክትሮኖቹ ከመዳብ ወደተሠራ ቱቦ ይገባሉ። ቱቦው ውስጥ አየር የለም፤ ተመጥጦ ወጥቷል፣ ይህም ቫኪዩም ይባላል። ከጎን ማግኔትሮን ወይም ክላይስትሮን የተባለ መሣሪያ ኃይለኛ ማይክሮዌቭ ወደ ቱቦው ይልካል። ማግኔትሮን በየቤታችን ምግብ በምናሞቅበት ማይክሮዌቭ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ዘር ነው፤ የሆስፒታሉ ግን እጅግ የበረታ ነው፤ ሞገዱም በሰኮንድ ወደ 3 ቢሊዮን ጊዜ ይወዛወዛል። ኤሌክትሮኖቹ በዚህ ሞገድ ላይ ተፈናጥጠው ይፈጥናሉ። የ6 ሚሊዮን ቮልት ጉልበት ሲያገኙ ፍጥነታቸው ከብርሃን ፍጥነት 99 በመቶ ያልፋል።

ከዚያ ተንግስተን ከተባለ ከባድ ብረት ጋር ሲጋጩ ጉልበታቸው ከፊሉ ኤክስሬይ ይሆናል። ኤክስሬዩ ወደ ሕመምተኛው ከመድረሱ በፊት በቀጫጭን የተንግስተን ቅጠሎች መካከል ያልፋል። ቅጠሎቹ ብዙ ጊዜ 120 ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው ሞተር አላቸው። ወዲህና ወዲያ እየተንቀሳቀሱ ጨረሩን በዕጢው ቅርጽ ይቀርጹታል፤ ጤነኛውን አካል ይከልላሉ። ይህ ሁሉ ነገር በሕመምተኛው ዙሪያ በሚዞር ትልቅ ክንድ ላይ ተሸክሟል። ሙቀቱን የሚወስድ ውሃ ያለማቋረጥ በቧንቧ ይዞራል።

የኢንዳክሽን አክሰለሬተር ትምህርት

ኤሌክትሮንን በቀጥታ መስመር የሚያፈጥን ሌላ ዓይነት ማሽንም አለ፦ ሊኒየር ኢንዳክሽን አክሰለሬተር። ይህኛው ማይክሮዌቭ አይጠቀምም፤ የሚሠራው በትራንስፎርመር መርህ ነው። ቀለበት የሚመስሉ የማግኔት እምብርቶች በተርታ ይደረደራሉ። በእያንዳንዱ ላይ ድንገተኛ የኤሌክትሪክ ምት ሲለቀቅ የማግኔት መስኩ ይለወጣል፤ ለውጡም በቀለበቱ መሃል በሚያልፉት ኤሌክትሮኖች ላይ ግፊት ይፈጥራል። የትራንስፎርመሩን ሁለተኛ ሽቦ ቦታ የሚይዘው የኤሌክትሮኖቹ ጅረት ራሱ ነው። አንዱ ቀለበት የሚሰጠው ግፊት በሚቀጥለው ላይ እየተደመረ ይሄዳል።

ሐሳቡን በሥራ ላይ ያዋለው ኒኮላስ ክሪስቶፊሎስ ነው። በአቴንስ የአሳንሰር መሐንዲስ የነበረ፣ ፊዚክስን በአብዛኛው በራሱ ያጠና ሰው ነው። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ የመጀመሪያውን የዚህ ዓይነት ማሽን አስገነባ። ከዚያ ወዲህ ከተሠሩት አንዱ ዳርት የሚባለው የሎስ አላሞስ ማሽን ሲሆን፣ የጦር መሣሪያ ፍተሻ በሚደረግበት ጊዜ እጅግ ፈጣን የሆነውን ነገር በኤክስሬይ ፎቶ የሚያነሳ ነው። የዳርት ሁለተኛ ክንድ ተገጣጥሞ ሲፈተሽ፣ ቀለበቶቹ የታሰበውን ቮልቴጅ መሸከም አቃታቸው፤ ኤሌክትሪኩ ሊያልፍ በማይገባው ቦታ ዘሎ ይፈነጥቅ ነበር። መሐንዲሶቹ ቀለበቶቹን አውርደው ዲዛይናቸውን አሻሻሉ፤ አንድ በአንድም አድሰው እንደገና ገጠሟቸው። ሥራው የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

የሆስፒታሉና የላቦራቶሪው ማሽን ዓላማቸው የተራራቀ ነው። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፦ ብዙ ተመሳሳይ ክፍሎች ተደርድረው ሁሉም አብረው መሥራት ሲኖርባቸው፣ በአንዱ ላይ ያለች ትንሽ ድክመት በብዛታቸው ልክ ትባዛለች።

ሂሳቡ ምን ይላል?

ይህን በቁጥር እንየው። ከ120ዎቹ ቅጠሎች አንዱ በአንድ ቀን ውስጥ ያለ እንከን የመሥራት ዕድሉ 99.9 በመቶ ነው እንበል። ይህ ቁጥር ለስሌት የመረጥነው እንጂ ከማሽን ላይ የተለካ አይደለም። 99.9 በመቶ በፈተና ላይ ቢሆን ማንም ወላጅ የሚደሰትበት ውጤት ነው። ነገር ግን ማሽኑ ቀኑን በሰላም እንዲውል 120ዎቹም ሁሉ መሥራት አለባቸው። ዕድሎቹን እርስ በርስ ማባዛት አለብን፤ ማለትም 0.999ን 120 ጊዜ በራሱ እናባዛለን። መልሱ 0.887 ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር ከዘጠኝ ቀን በአንዱ ላይ አንድ ቅጠል ያስቸግራል።

አሁን እያንዳንዱን ቅጠል አሻሽለን 99.99 በመቶ እናድርሰው። ስሌቱን ስንደግመው 0.988 እናገኛለን። ችግሩ በ84 ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል ማለት ነው። የአንዱን ክፍል እንከን ወደ አንድ አሥረኛ ስናወርድ የመላው ማሽን እንከንም ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። መሐንዲሶች በአንዲት ሞተር ወይም በአንድ ማገናኛ ላይ ዓመታት የሚያጠፉት ለዚህ ነው።

ክፍሎቹን የሚያደክማቸው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ ጥናት በእንግሊዝ፣ በናይጄሪያና በቦትስዋና ያሉ የሊኒየር አክሰለሬተሮችን የብልሽት መዝገብ አነጻጽሯል። ቅጠሎቹና ሞተሮቻቸው በሁሉም አገር ከሚያስቸግሩት ዋነኞቹ ነበሩ። የቫኪዩም ክፍሉ ብልሽት ግን በአፍሪካዎቹ ማዕከላት ጎልቶ ታይቷል። ይህ ልዩነት ብዙ ይነግረናል፤ የፋብሪካው ሥራ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ማሽኑ የቆመበት ቦታ ዕድሜውን ይወስናል ማለት ነውና። ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው መብራት ነው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያለችውን ጥቂት ሰኮንድ ሩንዳ ውስጥም አዲስ አበባም ሁላችንም እናውቃታለን። ለፍሪጅ ምንም አይደለችም። ሊኒየር አክሰለሬተር ግን ሕክምና ባይሰጥም፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ቫኪዩሙን የሚጠብቀው ፓምፕ መብራት ይፈልጋል። ለረጅም ሰዓት ከተቋረጠ ከቱቦው ግድግዳ ላይ ጋዝ እየወጣ ባዶውን ቦታ ይሞላል። በዚያ ሁኔታ ማሽኑ ሲነሣ ብልጭታ ይፈጠራል፤ የኤሌክትሮን ጠመንጃውም ሊጎዳ ይችላል። ቫኪዩሙን እንደገና ማስተካከል ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ የሚከሰተው የቮልቴጅ ከፍና ዝቅ ማለት ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ካርዶችን ያቃጥላል።

ሁለተኛው ውሃና ሙቀት ነው። በቧንቧዎቹ የሚዞረው ውሃ ካልተጣራ ዝቃጩ ቀጭኑን መተላለፊያ ይደፍናል። የመዳቡ ቱቦ ሙቀቱ በጥቂት ዲግሪ ሲለወጥ መጠኑ በጥቂቱ ይለጠጣል ወይም ይኮማተራል። ሞገዱና ቱቦው የሚግባቡት ግን በትክክለኛ ልክ ነው፤ ልኩ ከተዛባ ጨረሩ ይዋዥቃል፣ ማሽኑም ራሱን ያቆማል። አቧራም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ በቅጠሎቹ መካከል ገብቶ ሞተሮቹን ያደክማል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ከፍታ። ናይሮቢ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የሳሳ አየር ሁለት ነገር ያመጣል። በመጀመሪያ ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ ስለሚያንስ ከፍተኛ ቮልቴጅ ባለበት ቦታ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል፤ ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ስለሚሠሩ ከዚያ በላይ ሲተከሉ ተጨማሪ ስሌት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ አየር ማራገቢያ የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል።

ከፍታው መለኪያውንም ይነካል። የጨረሩን መጠን ለማረጋገጥ የሚያገለግለው ለአየር ክፍት የሆነ መለኪያ በውስጡ ያለውን አየር ተጠቅሞ ነው የሚቆጥረው። አየሩ ሲሳሳ የሚቆጥረውም ያንሳል። የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው የግፊቱንና የሙቀቱን ማስተካከያ ባያስገባ፣ አዲስ አበባ ላይ መለኪያው ከእውነተኛው ሩብ ያህል አሳንሶ ያሳየው ነበር። ለዚህ ነው በየሕክምና ክፍሉ ባሮሜትርና ቴርሞሜትር የማይጠፋው።

ብልሽቱን ወይስ ጥገናውን?

ማሽኑ ጨርሶ እንዳይበላሽ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ መሐንዲሶች ሁለት ቁጥር ይይዛሉ፦ በሁለት ብልሽቶች መካከል ያለውን ጊዜ እና ለመጠገን የሚፈጀውን ጊዜ። ማሽኑ ከጠቅላላው ጊዜ ስንት እጅ እንደሚሠራ ለማወቅ የመጀመሪያውን ቁጥር ለሁለቱ ድምር እናካፍላለን።

ማሽኑ በየ20 ቀኑ ይበላሻል፣ በአንድ ቀን ውስጥም ይጠገናል እንበል። 20ን ለ21 ስናካፍል 95 በመቶ እናገኛለን። አሁን ያው ማሽን፣ ያው ብልሽት ሆኖ፣ መለዋወጫው ከባሕር ማዶ ታዝዞ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ መሐንዲሱም ከሌላ አገር እስኪመጣ 20 ቀን ይፈጅ። 20 ለ40፣ ማለትም 50 በመቶ። ማሽኑን እጥፍ ጠንካራ ብናደርገውና በየ40 ቀኑ ብቻ ቢበላሽ እንኳ፣ መለዋወጫው 20 ቀን የሚፈጅ ከሆነ 67 በመቶ ላይ እንቀራለን። ብልሽቱን እንዳለ ትተን ጥገናውን ወደ 2 ቀን ብናወርደው ግን 91 በመቶ እንደርሳለን።

ይህ ስሌት ከጽሑፋችን ሁሉ ዋናው ነው ብለን እናምናለን። ክፍሎችን ጠንካራ ማድረግ የፋብሪካው ሥራ ነው። የጥገናውን ጊዜ ማሳጠር ግን በአብዛኛው በእኛው እጅ ያለ፣ በአዲስ አበባ፣ በጅማና በናይሮቢ የሚሠራ ሥራ ነው።

ምን እየተደረገ ነው?

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የመጀመሪያው ሥራ ከብልሽት በፊት ነው። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከመግባቱ በፊት ባለሙያዎቹ ጨረሩን ይለካሉ፤ የውሃውን ሙቀት፣ የቫኪዩሙን ሁኔታና የቅጠሎቹን እንቅስቃሴ ይመለከታሉ። ሁሉም በመዝገብ ይጻፋል። መዝገቡ ሲጠራቀም ወሬ መናገር ይጀምራል፤ አንድ ሞተር ከወር ወር እየዘገየ ከመጣ፣ ሳይቆም በፊት በቅዳሜ ቀን ይቀየራል።

ሁለተኛው መብራቱን ማረጋጋት ነው፦ ስታቢላይዘር፣ ለፓምፑና ለኮምፒውተሩ የሚሆን ባትሪ ያለው ዩፒኤስ፣ ራሱ የሚነሣ ጄኔሬተር። ሦስተኛው በተደጋጋሚ የሚበላሹትን መለዋወጫዎች ከማሽኑ ጋር አብሮ ገዝቶ መጋዘን ማስቀመጥ ነው። አራተኛው ከተቻለ ሁለት ተመሳሳይ ማሽኖችን ጎን ለጎን መትከል ነው፤ አንዱ ሲቆም ሕመምተኛው ሳምንት ሳይጠብቅ ወደ ሌላው ይዛወራል። አምስተኛውና የሁሉም መሠረት ሰው ነው፦ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ፣ የባዮሜዲካል መሐንዲስ፣ የጨረር ቴክኖሎጂስት።

በዓለም አቀፍ ደረጃም ነገሩ ትኩረት አግኝቷል። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የካንሰር ሕክምናን ለማስፋፋት የጀመረውን «የተስፋ ጨረሮች» የተባለ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ይፋ ያደረገው አዲስ አበባ ላይ ነው። ሴርንና የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሳተፉበት ስቴላ የተባለው ፕሮጀክት ደግሞ መብራት በሚቆራረጥበት፣ ባለሙያ በሚያንስበት ቦታ የሚጸና፣ ክፍሎቹም በቀላሉ የሚቀየሩ ማሽን ለመንደፍ ይሠራል። ለዚህም የአፍሪካ ሆስፒታሎችን የብልሽት ልምድ መነሻ አድርጓል።

ለእኛስ?

ለወላጆቻችን አንድ ሐሳብ አለን። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ገንዘብ አዋጥተው ለአገር ቤት ሆስፒታል ዕቃ መላክ ልማዳቸው ነው። አክሰለሬተር ባይሆንም፣ የአልትራሳውንድ ወይም የላቦራቶሪ ማሽን ቢሆንም፣ ከመግዛታችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ፦ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫው ከየት ይመጣል፣ በስንት ቀን? የሚቆምበት ቤት መብራቱ የተረጋጋ ነው? ማን ሠልጥኗል? ከተዋጣው ገንዘብ ከፊሉ ለጥገና ተቀምጧል? መልስ የሌለው ጥያቄ ካለ፣ ማሽኑን ከመላክ በፊት ገንዘቡን ለሥልጠናና ለመለዋወጫ ማዋል ይበልጥ ይጠቅም ይሆናል።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ፦ ሐኪም መሆን የምትፈልጉ ብዙዎች ናችሁ፤ ደስ ይላል። ሐኪሙ ያዘዘው ጨረር በልኩ መውጣቱን የሚያረጋግጠው ግን ፊዚክስ ያጠና ሰው ነው፤ ማሽኑን ቀኑን ሙሉ የሚያቆመው ወይም የሚያስነሣውም ሽቦና ፓምፕ የሚያውቅ ሰው ነው። እዚህ ናይሮቢ ፈንዲ እንላቸዋለን፤ ጄኔሬተርና ቧንቧ ሲጠግኑ ቆመን የምናያቸው፣ ስማቸውን ግን የማንጠይቃቸው ሰዎች። የአሳንሰር መሐንዲሱ ክሪስቶፊሎስም በእጁና በወረቀቱ ጀምሮ ነው አክሰለሬተር ላይ የደረሰው። ከእናንተ መካከል አንዷ ወይም አንዱ ነገ በጥቁር አንበሳ፣ በጅማ ወይም በኬንያታ ሆስፒታል ያንን የጠዋት መዝገብ ይዞ ቢገኝ፣ አንዲት እናት ሃያ አምስተኛ ቀጠሮዋን ሳታቋርጥ ትጨርሳለች።